የተያዘው አልጋ

ወይንእሸት ከሞጣ ድና ወደ ቢቸና ስትመለስ አልጋዋ ላይ ሰው ተኝቶ አገኘች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ማንንም ሳትጣራ ነው የገባችው። የየካቲት ፀሐይ ዓይኗን አጭበርብሮት ስለነበር ሻንጣዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ክፍሉን እስክትለምደው ድረስ ቆመች። የተኛው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ጉልበቶቹ ወደ ሆዱ ተሰብስበዋል፤ በመካከላቸው የተጠቀለለ ነጠላ ተሸጉጧል፤ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ሆኖ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተኮማትረዋል። ወይንእሸት ይህን አተኛኘት አወቀችው። የራሷ ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይነካካ ነጠላ ጠቅልሎ በጉልበት መካከል መሸጎጥ ቁርጥማቱ በጠናባት ዘመን ብቻዋን ያገኘችው ዘዴ ነበር፤ ለማንም አላስተማረችውም። ከደጃፉ ሆና ስታይ፣ የዳነችውና የመጣችው ሌላ ሴት፣ እሷ ግን ጨርሶ ከዚያ አልጋ ያልተነሳች መሰላት።

«ሰው የለም?» አለ የተኛው ሰው።

ቃሉም የሷ ነበር። ውሃ ስትፈልግ፣ መገላበጥ ሲያቅታት፣ አንዳንዴም እንዲሁ ዝምታው ሲከብዳት ከዚያ አልጋ ላይ ሆና «ሰው የለም?» ትል ነበር፤ መጨረሻውን ጎተት አድርጋ፣ ልመናም ቁጣም ባልሆነ ድምፅ። ድምፁ ግን የእናቷ የሸዋነሽ ነው።

«እማዬ? እኔ ነኝ። ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተኛሽው?»

ሸዋነሽ ቀስ ብላ ዞረች። ፊቷ ከስቷል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ልጇ ልትስማት ጎንበስ ስትል ግራ እጇን አንስታ አገደቻት። «ቆይ፣ አትንኪኝ። መጀመሪያ እጅሽን አሳዪኝ።» ወይንእሸት ሁለት እጆቿን ዘረጋችላት። እናትየው ሳትነካቸው፣ አንገቷን ብቻ አስግጋ፣ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ጣት በጣት አየቻቸው። «እጠፊ። ዘርጊ። እስቲ ደግሞ እጠፊ።» ጣቶቹ ታጠፉ፤ ተዘረጉም። «እሰይ! እሰይ የኔ ጊዮርጊስ!» አለችና ራሷን ወደ ትራሱ መለሰች። «እንግዲህ ከኔ ራቅ በይ፣ ልጄ። የያዝኩት እንዳይፈስ።»

ወይንእሸት ከቢቸና የወጣችው በነሐሴ መጨረሻ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ዘመነ እንደ ሕፃን አቅፎ ነው ሚኒባሱ ላይ ያስቀመጣት። የሄደችው ለአንድ ሳምንት ምርመራ ቢሆንም መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ጠፋ፤ ሳምንቱ ወራት ሆነ። አልፎ አልፎ በሰው በሰው «ሁላችንም ደኅና ነን» የሚል ቃል ይደርሳት ነበር። ሞጣ ላይ ክፍል ያከራየቻት ዘይዳ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ያከመቻት ደግሞ ዶክተር ኢናስ የተባለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ወጣት። ኢናስ መድኃኒቱን ጻፈችላትና እስክሪብቶውን አስቀምጣ ሌላ ሌላውን ትጠይቃት ጀመር። ስንት ሰዓት ትተኛለች? ምን ትበላለች? ፀሐይ የምታየው መቼ ነው? መጨረሻ ያለቀሰችው በምን ምክንያት ነው? ጣቷ ሳይያዝ በፊት ምን ትሠራ ነበር? ልብስ ሰፊ እንደነበረች ስትሰማ ከመድኃኒቱ ጋር አብራ ስፌት አዘዘችላት፤ በቀን አንድ ጠርዝ፣ ከዚያ አይበልጥም። ጠዋት በእግሯ እንድትሄድ፣ በሞቀ ውሃ እንድትታጠብ፣ የተቆጣችውን ቁጣ ለሰው እንድትናገር ነገረቻት። «ጠበልሽንም ጠጪ፣ ክኒኑን ግን አትዝለዪ። እነሱ አልተጣሉም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው» አለቻት። አንድ ቀን ደግሞ፣ ጣቶቿን እየዳሰሰች፣ «አንቺ ስትድኚ እናትሽ ምን ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ወይንእሸት ስቃ «ታርፋለቻ!» አለች። ኢናስ አልሳቀችም።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እትዬ ፈንታነሽ እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገቡ። በአንድ እጃቸው ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል። ወይንእሸትን ሲያዩ ሳህኑ ከእጃቸው ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። «ውይ በሞትሁት! አንቺን ቆመሽ ሳይ እኮ ደነገጥሁ!» አሉና ግንባሯን፣ ጉንጮቿን ሳሟት። ከዚያም ዱካቸውን፣ ያቺን አጭር በርጩማ፣ ሳይፈልጉ አገኟት። ድሮም ከራስጌው አጠገብ የምትቀመጥ ዱካ ናት፤ ዓመታት ሙሉ እሷ ላይ ተቀምጠው ነው ለወይንእሸት አጥሚት ያጠጧት የነበረው። አሁን በዚያው ማንኪያ፣ በዚያው እፍ እፍታ፣ ሸዋነሽን ያጠጡ ጀመር። እያጠጡም ወሬያቸውን ቀጠሉ። ሽንኩርት መቶ ሃያ ገብቷል። ጤፉንማ ዋጋውን መጠየቅ ራሱ ያሳምማል። የእነ ውበቴ ልጅ ሠርግ ለፋሲካ ማግሥት ተቆርጧል፤ ድንኳን ግን የለም፤ የት ተገኝቶ! ወይንእሸት ግድግዳውን ተደግፋ ስታዳምጥ አንድ ነገር አስተዋለች። እትዬ ፈንታነሽ የሚያወሩት ከሸዋነሽ ጋር አይደለም። ለእሷ ያወሩ የነበረውን ያንኑ ወሬ፣ በዚያው ቅላጼ፣ አልጋው ላይ ላለው ሰው ነው የሚያወሩት። ማን እንደተኛ ግድ የሚሰጣቸው አይመስልም።

ሳህኑን ይዘው ሲወጡ ተከትላቸው ወጣች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ? እማዬ ምን ሆና ነው?»

ሴትዮዋ ወደ በሩ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ስትጨነቂ ‹ክፉሽን ለኔ፣ ሕመምሽን ለኔ› ትልሽ አልነበረም? ይሄንንማ ማናችንስ ለልጆቻችን የማንለው! እናትሽ ግን ሄዳ በጊዮርጊስ ደጅ አለችው። አብሬያት ነበርሁ። መድረኩን ሳመችና፣ ‹በሽታዋን ለኔ ስጠኝ፤ እሷ ትቁም፣ እኔ እተኛልሃለሁ› አለችው። ተመልሳም ተኛች።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«የኅዳር ጊዮርጊስ ማግሥት።»

 በዚያው በኅዳር፣ በዚያው ሳምንት ነበር ወይንእሸት ዘይዳ ቤት አንድ ጠዋት ተነስታ የሹራቧን ቁልፍ ያለ ሰው እርዳታ የቆለፈችው። ዘይዳ እልል ብላ ጎረቤት ጠርታ ነበር። ወይንእሸት ሳትለካ የማትቆርጥ ሴት ናትና በልቧ ሒሳቡን ሠራችው። ኢናስ ከመጀመሪያው ነግራታለች፤ ይህ መድኃኒት ሥራውን የሚያሳየው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ተጀመረ፤ በኅዳር አሳየ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ትክክል መሆኑን ደጋግማ አረጋገጠች። 

ተመልሳ ገባችና ክፍሉን ማየት ያዘች። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኗል። የጠበል ጀሪካኖች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ሸዋነሽ እሷ ባለችበት አፍታ ውስጥ እንኳ አንድ ትልቅ ጣሳ ውሃ ጨልጣ ሌላ ለመነች። ከአልጋው ሥር ያለው ፖፖ ዙሪያውን ጉንዳን ወሮታል፤ ከግድግዳው ስንጥቅ ጀምሮ ቀጭን ጥቁር መስመር ሠርቶ ይመላለሳል። ከብርድ ልብሱ በግርጌ በኩል ደግሞ የሚሸት ነገር አለ፤ ጣፋጭም የበሰበሰም የሆነ። ወይንእሸት የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጠች። እናቷ ቀኝ እግሯን በአሮጌ ሻሽ ጠቅልላዋለች። ሻሹን ስትፈታው ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ቅላቱ ከጣቷ ተነስቶ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ጀምሯል። ሸዋነሽ እግሯን አልሰበሰበችም። እንደተነካ እንኳ የተሰማት አልመሰለችም።

ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ ይቀመጡ የነበሩ የግንደወይን ገበሬ ትዝ አሏት። አንድ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች የለም። «እሾህ ናት፣ እሾህ! ስኳሩ አደንዝዞኝ ሳይሰማኝ!» እያሉ ለሚቀመጥ ሁሉ ይናገሩ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄኮ የኔ በሽታ አይደለም። የኔ እግር መቼ ጠቁሮ ያውቃል? የያዘሽ ስኳር ነው። መድኃኒት አለው። እንዲሁ ከተውሽው ግን እግርሽን ይቆርጡሻል፤ ከዚያም ይብሳል።»

«ስም አታውጪለት። አንቺ በወጣሽበት በር የገባ ነው።»

«እኔ የዳንኩት በመድኃኒት ነው።»

«መድኃኒትማ እዚህም እያለሽ ስትውጪ ነበር።» ሸዋነሽ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ፈገግ አለች፤ ክርክር እንደረታ ሰው። «እሺ፣ እኔ ልዳን እንበል። ከኔ ሲወጣ የት ይሄዳል? ሜዳ ላይ ያድራል? ቤቱን ያውቀዋል፣ አልጋውን ያውቀዋል። ተመልሶ አንቺው ላይ ነው። ተይኝ። ውል ነው።»

 ወይንእሸት ዱካዋ ላይ ተቀምጣ የተኮማተረችውን የእናቷን ቀኝ እጅ ተመለከተች። ያ እጅ አላበጠም፤ አንጓዎቹ አልቀሉም፤ በሽታ የለበትም። ግን ደግሞ አልተዘረጋም። ሸዋነሽ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋትም፣ አፏ ተከፍቶ ስታንኮራፋም፣ ጣቶቿ እንደተጨበጡ ነበሩ።

ዘመነ ለምሳ ሲመጣ ባጃጁን ከአጥሩ ሥር አቁሞ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ እህቱን አያት። አቅፎ አነሳት፤ አስቀመጣትና እንደገና አነሳት። ደስታው በረድ ካለ በኋላ ግን ዓይኑን ከዓይኗ ማሸሽ ጀመረ።

«እግሯን አይተኸዋል?» አለችው።

«አይቻለሁ እታለም። ምን ላድርግ? ከሆስፒታል ነርስ ለምኜ አመጣሁ፤ ደሟን ልትለካ ጣቷን ስትይዛት ነከሰቻት። በስንት ይቅርታ ነው የሸኘኋት! ተሸክሜ ልውሰዳት ስል ደግሞ ‹እህትህን ልትገላት ነው› ብላ ጮኸች፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እኔስ ምን አውቃለሁ? አንቺም እኮ በሕይወት ኑሪ፣ አትኑሪ አላውቅም ነበር።»

ወይንእሸት ያሰበችውን ነገረችው። ውሉ እንደፈረሰ እናቷ በዓይኗ ካላየች አትነሳም። ስለዚህ ይፈርሳል። በሽታው ተመልሷል ትላለች፤ አንዲት ሰዓት ብቻ፣ ሸዋነሽ ሆስፒታል ገብታ መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ እስኪገባ። ከዚያ በኋላ እውነቱ ይነገራታል፤ ትቆጣም እንደሆን በሁለት እግሯ ቆማ ትቆጣ።

ዘመነ ፊቱ ተለዋወጠ። «ተይ እታለም። በበሽታ አይቀለድም። ስሙን ሲጠሩት የሚሰማ ነገር ነው።»

«አንተም እንደሷ ሆንህ?»

«አልሆንሁም። ግን አታሟርቺ ነው የምልሽ።»

«ሌላ መንገድ ካለህ ንገረኝ።» ዘመነ ባጃጁን ወደ በሩ አስጠግቶ አዙሮ አቆመ።

ወይንእሸት ጥቂት ማነከስ ብቻ ነበር ያሰበችው። ደጃፉን ስትሻገር ግን ማነከሱ ሙሉውን መጣ። ዳሌዋ ወደ ቀኝ ዘመም አለ፤ ትንፋሿ በየእርምጃው ቆረጥ ቆረጥ አለ፤ ጉልበቷ ከመሬቱ ጋር የሚደራደርበትን መንገድ አንድም አልረሳውም። ከጀሪካኑ ውሃ ልትቀዳ ጣሳ አነሳች፤ ጣሳው ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ሆን ብላ ነው የለቀቀችው። እንደዚያ መሆኑን ለራሷ ነገረች።

ሸዋነሽ ባነነች። «ምንድን ነው?»

«እማዬ…» አለች ወይንእሸት፣ እጇን ደረቷ ላይ ሰብስባ። «ተመለሰ።»

 ሸዋነሽ የልጇን እጅ አየች፤ ጉልበቷን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ አነሳች። «አንተ ጊዮርጊስ!» አለች፤ ድምፅዋ የበሽተኛ አልነበረም። «ምን ጎደለብህ? እተኛለሁ አልሁህ፤ ተኛሁ! አንተስ የሰጠኸኝ ቃል የታለ? እኔን አስተኝተህ እሷንም? ሁለታችንንም?» ብርድ ልብሱን በቀኝ እጇ ገፍታ ጣለችው። ወይንእሸት እጁን በዓይኗ ተከተለችው። ጣቶቹ ተዘርግተዋል፤ ሁሉም፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ጣት።

«ማን ያስታምመኛል እማዬ?» አለች፣ ለማለት የተለማመደችውን። «ዘመነ ነው? እትዬ ፈንታነሽ ናቸው? በዚህ እግርሽ እንዴት ልትቆሚልኝ ነው? መጀመሪያ እግርሽን ታይተሽ ነይልኝ። እኔ እጠብቅሻለሁ።»

ሸዋነሽ የጠቆረችውን ጣት የዚያን ቀን ገና እንዳየቻት ሁሉ ጎንበስ ብላ አየቻት። «ይሄንስ እውነትሽን ነው። በዚህማ ውሃስ እንዴት ላቀብልሽ» አለችና ጮክ ብላ ተጣራች። «አንተ ዘመነ! ሞተሩን አስነሳ! ምን ይገትርሃል?»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ሆነ። ሸዋነሽ የአልጋውን ጫፍ ይዛ ቆመች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ትዕዛዝ መስጠት ያዘች። ውሃው ይሙቅ፤ ቅቤው ከቁምሳጥኑ በላይ ነው፤ እትዬ ፈንታነሽ ይጠሩ፤ አጥሚቱ እንዳይወፍር፤ መስኮቱ ይከፈት፣ ምን ዓይነት ሰው ነው የደፈነው! ጉንጯ ላይ ደም ተመልሷል። ወይንእሸት እናቷን እንዲህ ደስ ብሏት አይታ የምታውቅ አልመሰላትም፤ ወይም አይታ ነበር፣ ዓመታት ሙሉ፣ ከትራሱ ላይ ቀና ብላ፣ ደስታ መሆኑን ሳታውቅ። ሸዋነሽ አንሶላውን ጎትታ አቀናች፤ ትራሱን መታ መታ አድርጋ ገለበጠችውና ወደ ልጇ ዞረች።

«ነይ ግቢ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

መተኛቱ በሐሳቧ አልነበረም። ግን እናቷ ቆማ እየጠበቀች ነው፤ ባጃጁ ደጅ ላይ እየጮኸ ነው። ወይንእሸት ጫማዋን አውልቃ ገባች። ፍራሹ ከእናቷ ገላ የተረፈ ሙቀት ነበረው፤ መሐሉ ላይ ያለው ጎድጓዳም ልክ በልኳ ሆኖ ተቀበላት። ሸዋነሽ እስከ አንገቷ አለበሰቻት፤ ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ በዘመነ ትከሻ ተደግፋ፣ በቀኝ እግሯ ተረከዝ እየረገጠች፣ «ቶሎ እመጣለሁ፣ አይዞሽ፣ ቶሎ እመጣለሁ» እያለች ወጣች። ዘመነ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ እህቱን አያት። 

የባጃጁ ድምፅ በኮብልስቶኑ ላይ እየተንቀጫቀጨ ወረደ፤ ወደ ሆስፒታሉ ሲታጠፍ ቀጠነ፤ ጠፋም። እንደሚሳካ አውቃ ነበር፣ ተሳካም። ሸዋነሽ ይህን ጊዜ በሩ ላይ ደርሳ ይሆናል፤ ደሟን ይለኩላታል፤ እግሯን ያጥቡላታል። አሁን መነሳት ነው። ከረጢቱን ከመስኮቱ ላይ ልታወልቅ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ልታወጣ፣ ፖፖውን አጥባ ጉንዳኑን ልታባርር አሰበች። ይህን ሁሉ በተራ በተራ አሰበችው። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር። ወደ ግድግዳው መቼ እንደዞረች አላስታወሰችም።

እትዬ ፈንታነሽ ሳያንኳኩ ገቡ። ክዳኑን ከሳህኑ ላይ ሲያነሱት ተሰማ፤ ዱካዋም ስትንቋቋ ተሰማ።

«ዛሬ ደግሞ አንቺ ነሽ?» አሉ፤ አልደነገጡም።

ወይንእሸት በፍጥነት መናገር ጀመረች። «አልታመምኩም እትዬ። የውሸቴን ነው። እማዬ ታክማ እንድትመጣ ብዬ ነው የተኛሁት፤ ዘመነም ያውቃል። አሁን እነሳለሁ።»

«እኮ» አሉ እትዬ ፈንታነሽ፣ አጥሚቱን በማንኪያ ጨልፈው እፍ እያሉ። «እናትሽም መጀመሪያ እንዲያ ነበር ያለችኝ። ‹የውሸቴን ነው፣ ጊዮርጊስ ብቻ እንዲያየኝ ነው የተኛሁት፣ ማታ እነሳለሁ› ብላኝ ነበር።» ማንኪያውን አቀረቡ። «በይ፣ ሳይበርድ።»

እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ደረቷ ላይ ነው። አውጥታ ዘርግታ ልታሳያቸው ትችላለች፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ማድረግ ያለባት እሱን ብቻ ነው። እትዬ ፈንታነሽ ማንኪያውን እንደያዙ ጠበቋት፤ የሽንኩርቱ ዋጋ ከጠዋቱም መጨመሩን ይነግሯት ጀመር።

ወይንእሸት እጇን አላወጣችውም። አፏን ከፈተች።